ከቪየና ለአንድ ቀን ጎረቤት አገር ዋና ከተማ፦ የግል ጋይድ ከነመኪናው፣ ግሩፕ ቱር፣ ወይስ በባቡር በራስ?

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቪየና ያለ አበሻ ቤት እንግዳ አያጣም። ከአዲስ አበባ እማማ መጥተው፣ ከዲሲ አክስት ከነልጆቿ መጥታ፣ ሾንብሩን ታይቶ፣ ሽቴፋንስዶም ታይቶ፣ ሶስተኛው ቀን ላይ "እስኪ ደሞ ሌላ አገር አሳዩን" ይመጣል። ጥያቄው ልክ ነው፣ የስሎቫኪያዋ ብራቲስላቫ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት፣ የሀንጋሪዋ ቡዳፔስትም ጠዋት ተነስቶ ማታ ሚመለሱባት ከተማ ናት። ግራ መጋባቱ ሚጀምረው ኢንተርኔት ላይ ሲገባ ነው። አንዱ ጋ "የግል የአንድ ቀን ጉዞ ከጋይድ ጋር" ይላል፣ ሌላውም ጋ ቃል በቃል እንደዛው ይላል፣ ፎቶው ራሱ አንድ ነው (ዳኑብ፣ ድልድይ፣ ኮረብታ ላይ ቤተመንግስት)፣ ዋጋው ግን ያንዱ የሌላኛው ሶስት እጥፍ ሆኖ ታገኙታላቹ።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ስም ሶስት የተለያየ ነገር ስለሚሸጥ ነው፦ መንገዱ ማለትም መኪናና ሾፌር፣ አስጎብኚው፣ እና ምቾቱ ማለትም ከደጃፍ ተነስቶ ደጃፍ መመለስ። ሶስቱን ለያይታቹ ካያችኋቸው የቱ እንደሚያስፈልጋቹና የቱን እንዲሁ እየከፈላቹ እንደሆነ ወዲያው ይገባችኋል። የኔን አቋም ከፊት ልናገረውና የማይስማማ ይከራከረኝ፦ ገንዘባችሁን ለአስጎብኚው ክፈሉ፣ ለአስፓልቱ አትክፈሉ። ይሄ ማይሰራባቸው ሁኔታዎች አሉ፣ በተለይ ጉልበታቸውን ሚያማቸው ትልቅ ሰው ካሉ፣ እሱንም አልዘልም።

ካምፓኒ እዚህ አላወዳድርም፣ የዘንድሮ ጥሩ የከርሞ መጥፎ ሊሆን ስለሚችል። ማወዳድረው አይነቱን ነው።

ከሁሉ በፊት ወረቀት

አውስትሪያ፣ ስሎቫኪያ፣ ሀንጋሪ፣ ቼክና ስሎቬኒያ ሁሉም ሸንገን ውስጥ ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ አራቱ የገቡት በፈረንጆች 2007 መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚ እንግዳቹ የአንድ ጊዜ መግቢያ የሸንገን ቪዛ ቢኖራቸውም ቡዳፔስት ደርሶ መመለስ ቪዛውን አያቃጥለውም፣ ከሸንገን አልወጡማ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያለምክንያት ይፈራል። መፍራት ያለባቹ ሰርቢያን ነው፣ ቤልግሬድ ከሸንገን ውጪ ስለሆነች በአንድ ጊዜ ቪዛ እዛ ሄዶ መመለስ አይቻልም፣ ካርታ ላይ ቅርብ ስለመሰለች ብቻ "ከቡዳፔስት ትንሽ ገፋ እንበል" እንዳትሉ።

ድንበር የለም ማለት ግን ፓስፖርት ቤት ይቀመጥ ማለት አይደለም። አውስትሪያ ከ2015 ጀምሮ በሀንጋሪ ድንበር ላይ ፍተሻ እያራዘመች ነው የቆየችው፣ ሲመለሱ ባቡር ውስጥ ፖሊስ ገብቶ ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል፣ አውራ ጎዳና ላይም ሰልፍ ሊኖር ይችላል። ዋናውን ፓስፖርት ያዙ፣ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይበቃም። የስደተኛ ትራቭል ዶክመንትና የአውስትሪያ መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ለአጭር ጊዜ ጎረቤት አገር መሄድ ይችላል፣ ሁለቱንም ይያዝ። ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ጥገኝነት ጠያቂ ግን ከአውስትሪያ መውጣት አይፈቀድለትም፣ "ማንም አያየንም" ብሎ ይዞት ሚሄድ ጓደኛ ካለ ጓደኛው አይደለም።

አንዳንዱ ደሞ ቪየና ላይ ረጅም ትራንዚት ስላለው ብራቲስላቫን ብቅ ብሎ ማየት ያስባል። ኤርፖርቱ በቪየናና በብራቲስላቫ መሀል ስለሆነ በአውቶብስ አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ሀሳቡ መጥፎ አይደለም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን ከኤርፖርት ለመውጣት ሸንገን ቪዛ የግድ ነው፣ ለትራንዚቱ ለራሱም የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት አገሮች ውስጥ ነን። የአሜሪካ ወይ የካናዳ ፓስፖርት የያዘ ዘመድ በዚህ አይቸገርም።

በምን በምን እናወዳድር

መጀመሪያ ሰዓት። አንድ ቱር "10 ሰዓት" ካለ ከዛ ውስጥ ስንቱ መኪና ውስጥ ስንቱ ከተማው ውስጥ እንደሆነ ቀንሱ። ብራቲስላቫ በመኪና 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ወይ ትንሽ ከዛ በላይ ነው፣ ቀሪው የናንተ ነው። ቡዳፔስት 240 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ደርሶ መልሱ አምስት ሰዓት፣ ድንበር ላይ ሰልፍ ካለ ስድስት። ማለትም ከአስር ሰዓቱ ግማሹን ሚያስጎበኟችሁ የሀንጋሪን የሱፍ አበባ ማሳ ነው።

ሁለተኛ የሰው ቁጥር። የግል ጉዞ ዋጋ በሰው ሳይሆን በመኪና ነው ሚሰላው፣ ይሄን ያልተረዳ ሰው ማስታወቂያውን አይቶ ወይ ይደነግጣል ወይ ይታለላል። ለምሳሌ ያህል ቫኑ ከነጋይዱ 500 ዩሮ ነው እንበል፣ ለሁለት ሰው 250 250 ነው፣ ለሰባት ሰው ግን 71 ገደማ ይደርሳል፣ በዛ ዋጋ ደሞ ከግሩፕ ቱር ጋር መወዳደር ይጀምራል። ስለዚ ጥንዶች ሁለት ብቻቸውን ከሆኑና ቤተሰብ ከነአያቱ ከሆነ መልሱ አንድ ሊሆን አይችልም።

ሶስተኛ እግር። ይሄን ድረገጾቹ በደንብ አይነግሯቹም፦ የብራቲስላቫ አሮጌው ከተማ ለመኪና ዝግ ነው፣ የቱንም ያህል ብትከፍሉ መኪናው ዳር ያወርዳችኋል፣ ከዛ በኋላ ድንጋይ ንጣፍ ላይ በእግር ነው። መኪናው ዋጋውን ሚያወጣው ዳገቶቹ ላይ ነው፣ ቤተመንግስቱና ዴቪን ሚባለው የፈረሰ ምሽግ።

አራተኛ ሆድ። ሳቅ እንዳይመስላቹ፣ ከኢትዮጵያ ከመጣ እንግዳ ጋር ቀኑን ሚያበላሸው ትልቁ ነገር ምሳ ነው። የስሎቫኪያ ብሄራዊ ምግብ ብሪንዞቬ ሀሉሽኪ ሚባለው የድንች ሊጥ ቅቅል ሆኖ ከላዩ የበግ አይብና የተጠበሰ የአሳማ ስብ አለው፣ የጎመን ሾርባቸው ውስጥም ብዙ ጊዜ ቋሊማ አለ። ለኦርቶዶክሱም ለሙስሊሙም አይሆንም፣ እሮብ አርብ ወይ የፍልሰታ ጾም ላይ ከሆነ ደግሞ አይቡም የለም። ሀንጋሪም ጉላሹ የበሬ ስጋ ቢሆንም ሌላው ነገር ሁሉ አሳማ ወይ የአሳማ ስብ ነው። የግል ጋይድ ትልቁ ጥቅሙ ይሄን ቀድማቹ ነግራችሁት ቤት መርጦ መቆየቱ ነው። ግሩፕ ቱር ምሳ "ይጨምራል" ሲል ሁሉም አንድ አይነት ሳህን ይቀርብለታል፣ እማማ ዳቦና ሰላጣ በልተው ይመለሳሉ።

አምስተኛ ቋንቋ። በአማርኛ ሚያስጎበኝ ፈቃድ ያለው ሰው እነዚህ ከተሞች ውስጥ አገኛለሁ ብላቹ አትጠብቁ። ጋይዱ በእንግሊዝኛ ወይ በጀርመንኛ ይናገራል፣ ከናንተ አንዱ ያስተረጉማል። ግሩፕ ውስጥ ማስተርጎም አይቻልም፣ ጋይዷ አትጠብቃችሁም፣ ጎን ያለው ቱሪስትም ይገላምጣል። እንግሊዝኛ ማይሰሙ ወላጆች ካሉ ይሄ ብቻውን ግሩፑን ከዝርዝር ያወጣዋል ባይ ነኝ።

ከተማዎቹን ስናይ

ብራቲስላቫ። ብዙ ሰው "ትንሽ ናት፣ ምን አላት" ይላል። ትንሽ መሆኗ ነው ለአንድ ቀን ጉዞ ሚያደርጋት። ሚካኤል በር፣ ዋናው አደባባይ፣ የቅዱስ ማርቲን ካቴድራል፣ ከጉድጓድ ክዳን ስር ብቅ ብሎ ሚያየው ቹሚል ሚባለው የነሐስ ሰውዬ (ልጆች እሱን ካገኙ ሌላ አይፈልጉም)፣ ሁሉም በግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ውስጥ ናቸው። ሰማያዊዋ ቤተክርስቲያን ሚሏት የቅድስት ኤልሳቤጥ ደሞ ትንሽ ወጣ ብላ አለች። ዳኑብ ላይ የ1972ቱ ድልድይ አለ፣ አናቱ ላይ በራሪ ሳህን መሳይ ሬስቶራንት ያለበት፣ ዩፎ ነው ሚሉት፣ ከላይ ሲታይ አውስትሪያም ሀንጋሪም ከተማዋ ጥግ ላይ ናቸው።

እዚህ ነው ታዲያ ጋይድ ያለውና የሌለው ሚለያየው። ያለ ጋይድ ካቴድራሉ አንድ መጠነኛ የድንጋይ ቤተክርስቲያን ነው፣ ፎቶ ተነስቶ ይታለፋል። ጋይድ ካለ ግን ቱርኮች ቡዳን (ያሁኗ ቡዳፔስት አንዱ ክፍል) በ1541 ሲይዙ የሀንጋሪ መንግስት ወደዚህ እንደሸሸ፣ ከ1563 እስከ 1830 የሀንጋሪ ነገስታት እዚህ ውስጥ ዘውድ እንደጫኑ፣ ማማው ጫፍ ላይ መስቀል መሆን የነበረበት ቦታ የተቀመጠውም የዛ ዘውድ ቅጂ እንደሆነ ይነግራችኋል። በ1741 ዘውድ የጫነችው ደሞ ማሪያ ቴሬዛ ናት፣ ሾንብሩን ላይ ስሟን ስትሰሙ የዋላቹዋት። ለእማማ "ይቺ እኮ የጠገራ ብሩ ሴትዮ ናት" ሲባሉ ፊታቸው ነው ሚለወጠው፣ ምክንያቱም በኛ አገር ማርትሬዛ ስንት ዘመን የተገበያዩበት፣ ለጥሎሽም ለጌጥም የሆነ ብር ነው፣ ምስሉም የሷ ነው። አብዛኛው ጋይድ ብሩ ኢትዮጵያ ውስጥ መገበያያ እንደነበር አያውቅም፣ ቀድማቹ ብትነግሩት ጉብኝቱን ወደዛ ያዞረዋል፣ ጥሩ ጋይድ ከሆነ በጣም ነው ደስ ሚለው። ድልድዩን ለመስራት ሲባል ደግሞ የአይሁድ ሰፈሩና ትልቁ ምኩራብ እንደፈረሰ ከካቴድራሉ ጎን ቆሞ ያሳያችኋል፣ ብቻችሁን ስትሄዱ እዛ ቦታ ምታዩት መኪና መንገድ ብቻ ነው።

ዴቪን ከመሀል ከተማ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሞራቫ ወንዝ ዳኑብን ሚቀላቀልበት ገደል ላይ ያለ የፈረሰ ምሽግ፣ በ1809 የናፖሊዮን ወታደሮች ናቸው ያፈረሱት። ከወንዙ ማዶ አውስትሪያ ነው፣ እስከ 1989 ድረስ እዚህ ጋ የሽቦ አጥር ነበር፣ ለመሻገር ሲሞክሩ የሞቱ ሰዎች መታሰቢያ ቆሟል። ለኔ ከብራቲስላቫ ሁሉ ይሄ ይበልጣል። የከተማ አውቶብስ ይሄዳል፣ ግን ሰዓት መጠበቅ አለ፣ መውጣቱም አለ፣ ከትልቅ ሰው ጋር ከሆነ መኪና ያለው ጉዞ እዚህ ላይ ያሸንፋል። አብዛኛው ተራ ግሩፕ ቱር ዴቪንን አይጨምርም፣ ቢጨምርም ከሩቅ ፎቶ ነው።

ገንዘቡ ዩሮ ነው፣ ከ2009 ጀምሮ፣ ምንዛሬ ሚባል ጣጣ የለም። እሁድ ደሞ ቪየና ሱቅ ሁሉ ዝግ ሲሆን እዛ ሞሎቹ ክፍት ናቸው፣ ዩሮቬያ ዳኑብ ዳር ነው፣ ኒቪ አውቶብስ ጣቢያው ራሱ ላይ ነው። ሴቶቹ ይሄን ከሰሙ ዴቪን ቀርቶላችኋል።

ቡዳፔስት። ቆንጆነቱ ላይ ክርክር የለም፣ ብራቲስላቫን አስር እጥፍ ነው። ቡዳ፣ ፔስትና ኦቡዳ በ1873 ተቀላቅለው የተፈጠረች ትልቅ ከተማ ናት፣ ፓርላማው፣ የሰንሰለት ድልድዩ፣ ኮረብታው ላይ የአሳ አጥማጆቹ ግንብ፣ ከ1896 ጀምሮ ሚሰራው ትንሹ ሜትሮ፣ ፍል ውሃው። ችግሩ ለአንድ ቀን መብዛቱ ነው። ፍል ውሃ ከገባቹ ሶስት ሰዓት ሄደ። ፓርላማ ውስጥ መግባት ከፈለጋቹ (ዋናው የሀንጋሪ ነገስታት ዘውድ ያለው እዛ ነው) በሰዓት የተመደበ ቲኬት ነው፣ በሙቀት ወራት ቀድሞ ያልቃል፣ ዋጋውም የአውሮፓ ህብረት ዜጋ ለሆነና ላልሆነ ይለያያል፣ ላልሆነው እጥፍ ገደማ ነው፣ ስለዚ የአውስትሪያ ፓስፖርት ያለው ይዞት ይምጣ። ሰኞ ብዙ ሙዚየም ዝግ ነው። ገንዘቡ ፎሪንት ነው፣ ካርድ ግን ሁሉም ጋ ይሰራል፣ ማሽኑ "በዩሮ ልቁረጥ?" ሲላቹ እምቢ በሉ፣ ምንዛሬው ይጎዳችኋል።

የቼኳ ፕራግና የስሎቬኒያዋ ልዩብሊያና። ፕራግ በባቡር አንድ መንገዱ አራት ሰዓት ነው። የአንድ ቀን ፕራግ ሚሸጥላችሁ ሰው መኪና ወንበር ነው የሸጠላቹ። አድራቹ ሂዱ። ልዩብሊያናም እንደዛው፣ የሷ መንገድ ከፕራግም ይረዝማል።

አሁን አማራጮቹን

የግል መኪና ከጋይድ ጋር፣ ከቪየና ተነስቶ። ሁሉንም ያካተተው ይሄ ነው። ግን ውስጡ ሁለት አይነት አለ። አንደኛው ሾፌሩ ራሱ ጋይድ ነው፣ ሁለተኛው ሾፌር ይወስዳችሁና እዛ ከተማዋ ውስጥ ያገሩ ጋይድ ይቀበላችኋል። ማስታወቂያው ላይ ሁለቱም "የግል ጋይድ" ነው ሚባሉት። ሁለተኛው ይበልጣል፣ ያለጥርጥር። ሾፌር ጋይድ የሆነ ሰው መኪና ውስጥ ጥሩ ያወራል፣ ከዛ ከተማዋ ጋ ሲደርስ ፓርኪንግ ፍለጋ ነው፣ አንዳንዱ "ሁለት ሰዓት ነፃ ጊዜ አላቹ፣ እዚህ እጠብቃለሁ" ብሎ ይለቃችኋል። ያኔ የከፈላቹት ለታክሲ ነው። አውስትሪያ ውስጥ ማስጎብኘት በፈተና ሚገኝ ፈቃድ ያለው ሙያ ነው፣ ሾፌርነት ሌላ ፈቃድ ነው፣ "ጋይዱ ፈቃድ ያለው ነው ወይስ እንግሊዝኛ ሚናገር ሾፌር ነው?" ብሎ በጽሁፍ መጠየቅ ነውር የለውም።

ለብራቲስላቫ ይሄ አማራጭ ትርጉም ሚሰጠው አራትና ከዛ በላይ ስትሆኑ፣ ወይ ትልቅ ሰው ወይ ህፃን ሲኖር፣ ወይ ዴቪንን የግድ ስትፈልጉ ነው። ለቡዳፔስት ግን አልመክርም፣ ያን ሁሉ ብር ለሾፌሩ የአስፓልት ሰዓት ነው ምትከፍሉት፣ ደክሟችሁ ነው ምትደርሱት፣ ጋይዱም ምሽቱ ሳይመጣ "እንመለስ" ይላል ምክንያቱም ተጨማሪ ሰዓት ይቆጠራል። ቡዳፔስት ደግሞ ውበቷ ማታ መብራት ሲበራ ነው።

ግሩፕ ቱር በአውቶብስ። ለአንድና ለሁለት ሰው ርካሽ ነው፣ ማሰብ አይጠይቅም፣ ጠዋት መሰብሰቢያው ቦታ መገኘት ብቻ። ሰዓቱ ግን የናንተ አይደለም። ሽንት ቤት፣ ፎቶ፣ ጸሎት፣ የደከመ እግር፣ ሁሉም በሰው ሰዓት ነው። "ትንሽ ግሩፕ" ሚል ካያቹ ስንት ሰው እንደሆነ ቁጥሩን ጠይቁ፣ ለአንዱ ትንሽ 8 ነው ለሌላው 25። ወጣት ከሆናቹ፣ እንግሊዝኛ ከሰማቹ፣ ሰው መተዋወቅ ከወደዳቹ ምንም አይልም።

ባቡር ሲደመር እዛው ሚቀበል ጋይድ። የኔ ምርጫ ይሄ ነው፣ ለዚህም ነው ይሄን ሁሉ ምጽፈው። ለብራቲስላቫ ከሀውፕትባንሆፍ (የቪየና ዋናው ባቡር ጣቢያ) በየሰዓቱ ባቡር አለ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው ሚፈጀው፣ ደርሶ መልስ ቲኬቱ በጣም ርካሽ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፣ ሁለት መስመር አለ፣ አንዱ የብራቲስላቫ ዋናው ጣቢያ ይደርሳል ሌላው ከወንዙ ማዶ ፔትርዣልካ ነው ሚያወርደው፣ ጋይዱ አንዱ ጋ ቆሞ እናንተ ሌላው ጋ እንዳትሆኑ። ለቡዳፔስት ሬይልጄት ሚባለው ፈጣን ባቡር ነው፣ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ፣ ኬለቲ ጣቢያ ያወርዳችኋል፣ ቲኬቱን ቀደም ብላቹ ከቆረጣቹ ዋጋው በጣም ይወርዳል፣ የመጨረሻ ቀን ከሆነ ግን ያስደነግጣል። ባቡሩ ውስጥ ሽንት ቤት አለ፣ ቡና አለ፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ እማማ እግራቸውን ይዘረጋሉ። መኪና ውስጥ ይሄ ሁሉ የለም።

ከዛ ጣቢያው ላይ የግል ጋይድ ይቀበላችኋል፣ ለሶስት ወይ አራት ሰዓት ብቻ፣ ለናንተ ብቻ። ምትከፍሉት ሲናገር ላለበት ሰዓት ነው፣ መኪና ውስጥ ለተቀመጠበት አይደለም። ኬለቲ ላይ ቀዩ ሜትሮ ሳትቀይሩ ፓርላማው ደጃፍ ያደርሳችኋል፣ ወደ ቤተመንግስቱ ኮረብታ 16 ቁጥር አውቶብስ ይወጣል፣ 2 ቁጥር ትራም ዳኑብን ተከትሎ ይሄዳል፣ ጋይዱ ይሄን ሁሉ ያውቃል። ጋይዱን ከሸኛቹ በኋላ ቀሪው ቀን የራሳቹ ነው፣ የመጨረሻው ባቡር ሰዓት ከፈቀደ ማታ መብራቱን አይታቹ መመለስ ነው። ስልክም አያስቸግርም፣ የአውስትሪያ ሲም እዛም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰራል፣ የኢትዮ ቴሌኮም ሲም የያዙትን ግን ከጎናቹ አትለዩአቸው፣ ጠፍተው ቢደውሉ ነው ችግሩ።

ጀልባ። ቪየና መሀል ከተማ ካለው ሽቬደንፕላትስ ትዊን ሲቲ ላይነር ሚባለው ፈጣን ጀልባ በዳኑብ ብራቲስላቫ መሀል ከተማ ያወርዳል፣ ሲወርድ 75 ደቂቃ፣ ሲመለስ ውሃውን ስለሚገፋ 90። ከባቡር ይወደዳል፣ ከግል መኪና ይረክሳል፣ ዴቪንን ከውሃ ላይ ያሳያል። በብርዱ ወራት አይሰራም። ልጆች ካሉ በጀልባ ሂዱና በባቡር ተመለሱ፣ የደርሶ መልስ ጀልባ ሁለተኛው ጊዜ ላይ ይሰለቻል።

የሚያውቁት ሰው መኪና። "እገሌ ቫን አለው፣ ትንሽ ነገር ስጡትና ይወስዳችኋል" ሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ በቋንቋችን እያወራ፣ ሙዚቃው ክፍት፣ ምሳ ከቤት ተይዞ፣ እንጀራው በፌስታል። ደስ ይላል፣ ዘመድ ከሆነና የቤንዚን ከተጋራቹ ምንም የለውም። ሰውዬው በክፍያ ሰው ሚያመላልስ ከሆነ ግን ፈቃዱን ማየት አለባቹ፣ ያለ ፈቃድ በገንዘብ ሰው ጭኖ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ሊሸሽ ይችላል፣ ያኔ ትንሽ የተባለው ነገር ትልቅ ይሆናል። አውራ ጎዳናው በሶስቱም አገር ክፍያ አለው፣ የስሎቫኪያና የሀንጋሪው በኢንተርኔት ሚገዛ ነው፣ "ቆይ ስንመለስ" ያለ ሰው ቅጣቱ በፖስታ ይመጣለታል። ኪራይ መኪና ከሆነ ደሞ ከአገር ማስወጣት እንደሚቻል ውሉ ላይ አንብቡ።

ባንድ ላይ ሲታይ

| አማራጭ | ወጪ | ከተማዋ ውስጥ ያለው ጊዜ | ለማን ይሆናል | ደካማ ጎኑ |
|---|---|---|---|---|
| የግል መኪና + ጋይድ፣ ብራቲስላቫ | ከፍተኛ፣ ግን በመኪና ነው ሚቆጠረው | ብዙ | ለቤተሰብ፣ ለትልቅ ሰው፣ ዴቪን ለሚፈልግ | ለሁለት ሰው ውድ ነው |
| የግል መኪና + ጋይድ፣ ቡዳፔስት | በጣም ከፍተኛ | ግማሽ ቀን | መራመድ ለማይችል ሰው ብቻ | ግማሹ ቀን አስፓልት ነው |
| ግሩፕ ቱር | ዝቅተኛ፣ በሰው | መካከለኛ | ለአንድና ሁለት ሰው፣ ቋንቋ ለሚሰማ | ሰዓቱ የሌላ ሰው ነው፣ ምሳው አንድ አይነት |
| ባቡር + እዛው ጋይድ | መካከለኛ | ብዙ | ለአብዛኛው ሰው፣ በተለይ ቡዳፔስት | ራስ ማደራጀት ይፈልጋል |
| ጀልባ ሂዶ በባቡር መመለስ | ዝቅተኛ ወደ መካከለኛ | ብዙ | ልጆች ላሉት፣ በሙቀት ወራት | ለብራቲስላቫ ብቻ |
| የሚያውቁት ሰው መኪና | እንደ ስምምነቱ | እንደ ሰውዬው | ለዘመድ | ኢንሹራንስና ፈቃድ፣ ጋይድ የለም |

ከመክፈላችሁ በፊት

የግል ጉዞ ከመረጣቹ እነዚህን በጽሁፍ ጠይቁ፣ በስልክ ያለ መልስ ማስረጃ አይሆንም። ዋጋው በመኪና ነው በሰው? መግቢያ፣ ምሳ፣ ፓርኪንግ፣ የመንገድ ክፍያ ውስጡ አለ? ተጨማሪ ሰዓት ስንት ነው፣ መቆጠር ሚጀምረውስ ከየት ነው፣ ከደጃችን ስንነሳ ነው ወይስ እዛ ስንደርስ? ጋይዱ ስንት ሰዓት ከኛ ጋር በእግር ይሄዳል? ይቺኛዋ ጥያቄ ብቻዋን ብዙ ታጣራለች፣ ቁጥር ማይሰጥ መልስ ከመጣ እለፉት። የህፃን ወንበር አላቹ? እስከ መቼ ድረስ በነፃ መሰረዝ ይቻላል? ከኢትዮጵያ ሚመጣ እንግዳ ቪዛው ቢዘገይ ምናምን ስለሚኖር ይሄኛው ቀልድ አይደለም፣ ቪዛው እጅ ሳይገባ ማይመለስ ገንዘብ አትክፈሉ።

ሰዓት ላይ ደሞ፣ ጋይዱ "8 ሰዓት" ሲል ለእማማ "2 ሰዓት" ብላቹ ተርጉሙ፣ እሳቸው ሰዓታቸውን አልቀየሩም።

ለየሰው

ትልልቅ ወላጆች ካሉና በአንድ መኪና አራት አምስት ከሆናቹ፣ ብራቲስላቫ በግል መኪና፣ ሾፌር ሲደመር ያገሩ ጋይድ ያለበትን ምረጡ፣ መጀመሪያ ዴቪን ጠዋት ብርዱ እያለ፣ ከዛ ቤተመንግስቱ በመኪና፣ ከዛ ወደ አሮጌው ከተማ ቁልቁል። ዳገት ከምሳ በኋላ አታድርጉ። ጾም ከሆነ ከሶስት ቀን በፊት ለጋይዱ ጻፉለት፣ "ስጋ፣ ወተት፣ አይብ፣ እንቁላል፣ ቅቤ የለም" ብላቹ ዘርዝሩ፣ "ቬጂቴሪያን" ካላቹ አይብ ይመጣላችኋል።

ጥንዶች ከሆናቹ ወይ ሁለት ጓደኛሞች፣ ቡዳፔስት በጠዋቱ ሬይልጄት፣ እዛ የሶስት ሰዓት ጋይድ፣ የመጨረሻው ባቡር ሰዓት ስልካቹ ላይ ተጽፎ። አቅሙ ካለ አንድ ሌሊት እደሩ፣ ለግል መኪና ልታወጡት ከነበረው ብር ሆቴሉ ይወጣል።

ልጆች ያሉት፣ በሙቀት ወራት ጀልባውን፣ ከዛ ቹሚልን፣ ከዛ ዩፎውን፣ ጋይዱ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አያስፈልግም፣ ልጆቹ አይሰሙትም እናንተም ልጆቹን ስታባርሩ አትሰሙትም።

በጀቱ ጠባብ ከሆነ ተማሪም ከሆናቹ፣ ብራቲስላቫ በባቡር፣ ምሳ ከቤት ተይዞ፣ ከተማዋ ውስጥ በጉርሻ ሚሰሩ የእግር ጉብኝቶች አሉ፣ ነፃ ይባላሉ፣ መጨረሻ ላይ ለጋይዱ ምትችሉትን ትሰጣላቹ። ባዶ እጅ እንዳትሄዱ፣ ከዛ ነው ሚበላው።

ብቻውን ያለና ማደራጀት ማይወድ ሰው ግሩፕ ቱር ይያዝ፣ ብራቲስላቫን ግን፣ ቡዳፔስትን በአውቶብስ ደርሶ መልስ አምስት ሰዓት ከማያውቀው ሰው አጠገብ ተቀምጦ አይሂድ።